ብልሃት ከወዴት ይገኛል?

አዲስ ነገር ለመሥራት የሚያስችል ብልሃት ለጥቂቶች ብቻ በተፈጥሮ የተሰጠ ጸጋ ነው ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። ብልሃት ማለት ከባሕር ማዶ በሣጥን ታሽጎ የሚመጣ ዕቃ የሚመስላቸውም አይጠፉም። በእኛ ሐሳብ ግን የብልሃት መጀመሪያ ማስተዋል ነው። ይህ ዕቃ ለማን ተሠራ? ስለ ምን እንዲህ ሆኖ ተሠራ? ቢሰበርስ በምን ይጠገናል? እያለ የሚጠይቅ ሰው በቤቱም ሆነ በመንገዱ፥ በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በገበያ መምህር አያጣም።

ንድፍ ስንልም ሥዕል መሣልን ብቻ ማለታችን አይደለም፤ ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ በልብ የሚታሰበውን ሥርዓት ሁሉ ማለታችን ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ፥ ወጥ ቤት የሚያሠራ፥ በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሰው ሁሉ ቢያውቀውም ባያውቀውም ነዳፊ ነው። ንድፉ የከፋ እንደ ሆነ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከነዳፊው ይልቅ በኋላ በሚመጣው ሰው ላይ ነው። ይህን ነገር በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ለማንሣት የወደድነው ልጆች እንዲህ ያለውን ማስተዋል ከትምህርት ቤት አስቀድመው ከቤታቸው ሊቀስሙት ስለሚችሉ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ብራና እንናገር። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለን ቁም ጸሐፊ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጠን እናይ ነበር። የፍየሉ ቆዳ ታጥቦ፥ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፥ ተፍቆም ከነጣ በኋላ ጸሐፊው ወዲያው ብርዑን አያነሣም። አስቀድሞ የገጹን ዳርና ዳር በወስፌ እየለካ ይወጋል፤ ከቀዳዳው እስከ ቀዳዳውም ያለ ቀለም ያሰምራል። መስመሩ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል እንጂ ከሩቅ አይታይም። ገጹ በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ይከፈላል፤ መስመሩ ሲያጥር የአንባቢው ዓይን ከአንዱ መስመር መጨረሻ ወደሚቀጥለው መጀመሪያ ሲመለስ መንገዱን አይስትምና። በዙሪያውም ሰፊ ኅዳግ ይተዋል፤ ይኸውም ገጽ የሚገልጠው ጣት ጽሕፈቱን እንዳያሳድፍ፥ እርማትም ቢያስፈልግ ስፍራ እንዲኖር ነው። ጽሕፈቱ በጥቁር ቀለም ሆኖ የክፍሉ መጀመሪያና የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል። ሥዕል ባለበት ወይም አዲስ ክፍል በሚጀመርበት ቅጠል ጫፍ ላይ ባለ ቀለም ክር የተሰፋበት መጽሐፍም አለ፤ በጧፍ ብርሃን የሚያነብ ካህን ክሩን ዳስሶ ገጹን እንዲያገኝ ይረዳዋል።

በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ተሠሩ ተገምቷል። በመጀመሪያቸው ላይ አራቱ ወንጌላውያን በየትኛው ክፍል እንደሚስማሙ የሚያሳይ የቁጥር ሠንጠረዥ አለ፤ ሥርዓቱን ያወጣው የቂሣርያው አውሳብዮስ ነው። ሠዓሊው እነዚህን ደረቅ ቁጥሮች በአዕማድና በቅስት መካከል አኖራቸው። ሠንጠረዡም የቤት ደጃፍ መሰለ፤ ዓይን በአዕማዱ መካከል ከላይ ወደ ታች እየወረደ ቁጥሩን ከቁጥር ያገናኛል። ጌጡ ለውበት ብቻ የተጨመረ አይደለም፤ አንባቢውን መንገድ ይመራዋል። በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ማስመሪያና እርሳስ በተሰጠን ጊዜ መምህሩ ያዘዙን የመጀመሪያ ነገር ኅዳግ መተው ነበር። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በብዙ ነገር ቢለያዩም በዚህ አንድ ነበሩ።

ሁለተኛው መምህር ድንጋይ ነው። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ የገቡት 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለው የተሠሩ ናቸው። ግንበኛ ከመሠረት ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ የላሊበላ ጠራቢ ግን ከጣራው ጀምሮ ወደ ታች ወረደ። ግንበኛ ድንጋዩ ባይገጥምለት አንሥቶ ሌላ ይተካል፤ ጠራቢው ግን አንድ ጊዜ የቆረጠውን አለት ሊመልሰው አይችልም። ስለዚህ ምሰሶው የት እንደሚቆም፥ መስኮቱ የት እንደሚከፈት፥ ደጁ ወዴት እንደሚመለከት መሮው አለቱን ሳይነካ በልቡ ተሥሎ ማለቅ ነበረበት። የመስቀል ቅርጽ ያለው ቤተ ጊዮርጊስ ቁመቱ 12 ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ባለ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ለቆመ ቤት ትልቁ ጠላቱ የክረምት ውሃ ነው። የጥንት ሠሪዎችም ይህን አልዘነጉም፤ ለጣራው አሸንዳ፥ ለግቢዎቹም ውሃው የሚፈስበትን ቦይ አበጅተው ነበር።

ከዚሁ ከላሊበላ ሌላም ትምህርት እናገኛለን። የቤተ አማኑኤልን ግድግዳ የተመለከተ ሰው እንደ ጥንቱ የአክሱም ሕንፃ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተደረደረ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሁሉ አንድ አለት ነው። ራሱ የአክሱም ሐውልትም እንዲሁ ነው። በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ ተወስዶ በ1997 ዓ.ም. የተመለሰው፥ በ2000 ዓ.ም. በስፍራው የተተከለው ሐውልት 24 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ድንጋይ ሲሆን በር፥ መስኮትና የወራጅ እንጨት ጫፍ ተቀርጾበታል። ድንጋዩ ወራጅ አያስፈልገውም። የሚያየው ሰው ግን የሚያውቀውን የቤት ምልክት በአዲሱ ሥራ ላይ ሲያገኝ የታላቅ ሰው ማደሪያ መሆኑን ወዲያው ይረዳል። አዲስ ነገር የሚሠራ ሰው አሮጌውን ሁሉ መጣል እንደማይገባው ከዚህ እንማራለን።

በአንጻሩ ደግሞ ይህን እንመልከት። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በአንዳንዶቹ ላይ ከዝናብ እንዲጠብቁ ለጊዜው ተብለው በብረት ምሰሶ የቆሙ መጠለያዎች ተሠሩ። መጠለያዎቹ ዝናቡን ከለከሉ፤ የአገሩ ሰዎችና ካህናቱ ግን የብረቱ ክብደት አለቱን እንዳይጎዳው እየሠጉ ለብዙ ዓመት አቤት ሲሉ ኖረዋል። አንዱን ችግር ብቻ አይቶ የተነደፈ ሥራ ከጎኑ ሌላ ሥጋት ሊያስከትል እንደሚችል ይህ ማስረጃ ነው።

ሦስተኛው መምህር መኪና ነው። ፊደላችን 33 ሲሆን በ7 በ7 ሲዘረዘር 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ለላቲን ፊደል የተሠራው የጽሕፈት መኪና ይህን ሁሉ የሚሸከም ቁልፍ አልነበረውም። ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና በማውጣት ስማቸው የሚጠራው ኢንጅነር አያና ብሩና ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ፊደሉን ከፋፍለው ዋናውን አካል በአንድ ቁልፍ፥ ቅጥያውን በሌላ ቁልፍ እያስመቱ ችግሩን አቃለሉት። ብልሃቱ የሚያስመሰግን ነበር፤ ነገር ግን ቅጥያው ከፊደሉ እግር ጋር ሳይገጥም እየቀረ ዓይንን ያስቸግር ነበር። ለመኪናው እንዲመች ፊደሉ ራሱ ይቀነስ፥ ይሻሻል የሚል ሐሳብም ተነሥቶ ብዙ አከራክሯል።

ኋላ ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜ ጥያቄው ተገለበጠ፤ ፊደሉ ለመኪናው ይታዘዝ መባሉ ቀርቶ መኪናው የፊደሉን ሥርዓት እንዲማር ተደረገ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ለግዕዝ ፊደል 384 ስፍራ ለይቶ አስገባው። በዚህም መዝገብ አብዛኛው የፊደል ቤተ ሰብ 8 ስፍራ አለው፤ ሰባቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ላሉት፥ ስምንተኛው ለዲቃላው ነው። ይህም በሕፃንነታችን በየኔታ ፊት ከቆጠርነው ከፊደል ገበታ ጋር የሚመሳሰል አደራደር ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚጽፍ ልጅ በድምፅ በሚሠራው ገበታ የፊደሉን ተነባቢ፥ ቀጥሎም የሚያናግረውን አናባቢ ሲነካ ፊደሉ ተሰናድቶ ይወጣለታል። ገበታውን መጀመሪያ የዘረጉት አባቶች ወደ ጎን ድምፁን፥ ወደ ታች ቤተ ሰቡን ሲደረድሩ ለሕፃን ማስታወስ እንዲቀል አስበው ነበር፤ ያ የሕፃናት ሠንጠረዥ ለመኪናም አገለገለ።

አራተኛው መምህር ከተማ ነው። በአዲስ አበባ መንገድ የጠፋበት ሰው የቤት ቁጥር አይጠይቅም። የሚነግረውም ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አልፈህ፥ ድልድዩን ተሻግረህ፥ ከትልቁ ዛፍ ሥር ወደ ግራ ታጠፍ ይለዋል። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ እንኳ ቁጥር ቢሆኑም ዛሬ የሚጠሩት እንደ ስፍራ ስም ነው እንጂ እንደ ርቀት አይደለም። ሰው ከተማውን በልቡ የሚይዘው በሚያየውና በሚያውቀው ምልክት መሆኑን መንገድ የሚያመለክት ሁሉ ሊያስብበት ይገባል።

እስቲ ደግሞ የሊስትሮውን ልጅ ሣጥን ልብ ብለን እንመልከተው። በውስጡ ብሩሹና ቀለሙ ይቀመጣል፤ ክዳኑ የደንበኛው እግር ማሳረፊያ ይሆናል፤ ማታ ደግሞ በትከሻ ተንጠልጥሎ ወደ ቤት ይገባል። አንድ ሣጥን መሣሪያ ቤትም፥ ሱቅም፥ ወንበርም ሆነ ማለት ነው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ በሚባለው ስፍራ አሮጌው በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ ያለቀ የመኪና ጎማም ተቆርጦ ጫማ ሆኖ ገበያ ይወጣል። ችግር በቅቤ ያስበላል እንደሚባለው፥ ያጣ ሰው ያለውን ነገር አገላብጦ ያያል። ባለጠጋ የወረወረውን ብረት ቀጥቃጩ ሲያነሣው የሚያየው የቀድሞ ስሙን ሳይሆን ውፍረቱንና ጥንካሬውን ነው።

በቤት ውስጥም ምርጥ ምድጃ የተባለውን እናንሣ። በሦስት ጉልቻ ላይ እንጀራ ሲጋገር እሳቱ በየአቅጣጫው ይባክናል፤ ጭሱም የምትጋግረዋን ሴት ዓይን ያጠፋል። ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና ቀላል ከሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በክፍል በክፍል ተሠርቶ እየተገጣጠመ እሳቱን ከምጣዱ በታች ይከባል። ማገዶውንም ወደ ግማሽ ገደማ ሊቀንስ ይችላል። ይህን የነደፉት ሰዎች ምጣዱን አልለወጡም፤ እንጀራውንም አልለወጡም፤ የሚባክነው እሳት ወዴት እንደሚሄድ ብቻ አዩ። ጋጋሪዋ የለመደችውን ሥራ ሳትተው ድካሟ ቀለለላት።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ለጨዋታ እንዳይመስል በሥራችን ያየነውን አንድ ነገር እንጨምር። ጸሐፊ ሆነን በምናገለግልበት ፍርድ ቤት ለባለጉዳይ የሚሰጠው መጥሪያ ከላይ እስከ ታች በአንድ ዓይነት ጥቁር ጽሕፈት የተሞላ ነበር። በመጀመሪያ የመዝገቡ ቁጥር፥ ቀጥሎ የሕጉ አንቀጽ፥ ከዚያ የተከራካሪዎቹ ስም ይዘረዘራል። ባለጉዳዩ ከሁሉ ይልቅ የሚፈልገው ቀኑ፥ ሰዓቱና ችሎቱ ግን በሰባተኛው መስመር መካከል ተሰውሮ ይገኛል። ቀጠሮውን ያጣ ሰው ምን እንደሚደርስበት አንባብያን ታውቃላችሁ። ከሳሽ ባይቀርብ ክሱ ሊዘጋ፥ ተከሳሽ ባይቀርብ ነገሩ በሌለበት ሊታይ ይችላል።

ከዕለታት አንድ ቀን በውርስ ቤት ጉዳይ የተከሰሱ አንዲት እናት ከገጠር መጥተው በትክክለኛው ቀን፥ ከሰዓቱም አስቀድመው በግቢው ተገኙ። መጥሪያውን ያስነበቡት በአውቶቡስ ተራ ባገኙት ተማሪ ነበር። ልጁ ከቁጥሮቹ ብዛት የተነሣ የመዝገቡን ቁጥር መጨረሻ የችሎት ቁጥር መሰለው። እናትዮዋም በሌላ ችሎት ደጃፍ ነጠላቸውን ተከናንበው እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጡ። በዚያው ጊዜ ስማቸው በእኛ ችሎት ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አቤት የሚል ጠፋ፤ ነገሩም በሌሉበት እንዲታይ ታዘዘ። ትእዛዙን ለማስነሣት አምስት ወር ፈጀ። በዚያ አምስት ወር ውስጥ ለመንገድ የሚሆናቸውን ገንዘብ ለማግኘት አንድ ጊደር ሸጡ።

እኛም በዚህ አዝነን በትርፍ ሰዓታችን አዲስ የመጥሪያ ወረቀት ነደፍን። ቁም ጸሐፊው እንዳስተማረን ኅዳግ ተውን፤ ቀኑንና ሰዓቱን ከሁሉ በላይ አድርገን በቀይ ጻፍን፤ የችሎቱን ቁጥር ለብቻው በትልቁ አኖርን፤ የሕጉን አንቀጽ ወደ ታች አወረድን። እናትዮዋ በሌላ ቀን ሲመጡ ወረቀቱን አሳይተን እንዲህ ቢሆን ይሻላልን? ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ካዩት በኋላ፦

«ልጄ፥ ቀዩ መልካም ነው፤ ቀኑ እዚህ ጋ መሆኑን አሁን እኔም አወቅሁ። ግን ችሎት አራት ብትለኝ አራቱ የቱ ጋ ነው? እኔ ቁጥር አላነብም። ከደረጃው በላይ ነው፥ ከበሩ በስተ ቀኝ ነው ብለህ ብትጽፍልኝ፥ ያነበበልኝ ሰው ቢለየኝም ነገሩን በልቤ ይዤው እሄድ ነበር» አሉን።

«እማማ፥ እውነትዎን ነው» አልናቸው። ከተማ በየመንገዱ የሚያስተምረውን ነገር ከእኛ ይልቅ እርሳቸው ለወረቀቱ አሰቡት። ስለዚህ ከችሎቱ ቁጥር ሥር «ከዋናው በር በስተ ቀኝ፥ ከደረጃው በላይ፥ የመጀመሪያው በር» የሚል አንድ መስመር ጨመርን።

አለቃችን ወረቀቱን ባዩት ጊዜ መጀመሪያ አልወደዱትም ነበር። የመንግሥት ጽሕፈት ክብር ሊኖረው ይገባል፤ ቀይ ቀለምና የደረጃ ነገር ግን የማስታወቂያ ጠባይ አለው አሉን። እኛም ክርክር ሳናበዛ ሁለቱን ወረቀቶች ለበር ዘበኛው እንዲሰጡት ለመንናቸው። ዘበኛው የቀድሞውን ወረቀት በጣቱ እየተከተለ ብዙ ቆየ፤ ሁለተኛ ጊዜም ከላይ ጀመረ። አዲሱን ሲሰጡት ግን ወረቀቱን እንደ ያዘ በሌላ እጁ ወደ ደረጃው አመለከተ። አለቃችንም ጥቂት ዝም ብለው ወረቀቱ በእኛ መዝገብ ቤት እንዲሠራበት ፈቀዱ። በሌሎቹ መዝገብ ቤቶች እስከ ዛሬ ያው የቀድሞው ነው፤ ፈቃዱ ወደዚያ አልደረሰም። የእናትዮዋ ነገር ግን እንደ ገና ሲቀጠር መጥሪያው በአዲሱ ወረቀት ወጣላቸው።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የሆናችሁ አንባብያን፥ ከእጃችሁ የሚወጣውን ወረቀትና በደጃፋችሁ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንድ ጊዜ በባለጉዳዩ ቦታ ቆማችሁ ታነቡት ዘንድ እንለምናለን። ከተቻለም የማያነበውን ሰው ጠርታችሁ አሳዩት፤ ያነበበ ሰው የማያየውን እርሱ ያያልና።

የቤት እመቤቶችና አባወራዎች ደግሞ ልጆቻችሁን በቤት ካለው ዕቃ አስጀምሯቸው። ጀበናው አንገቱ ስለ ምን ቀጠነ? መሶቡ ስለ ምን ክዳን ኖረው? ማቶቱስ ባይኖር ጀበናው ምን ይሆናል? ብላችሁ ጠይቋቸው፤ መልሱን ግን ፈጥናችሁ አትንገሯቸው። ዕቃውን አገላብጠው እንዲያዩት፥ ቢችሉም በእርሳስ እንዲሥሉት ተዉአቸው። የተሰበረ ዕቃ ከመጣሉ በፊት ለምን እንደ ተሰበረ ይመርምሩት። በዓውደ ዓመት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወስዷቸው ሥዕሉን ካሳለማችኋቸው በኋላ የመጽሐፉን ኅዳግና ቀይ ቀለም አሳዩአቸው። በገበያ ስታልፉም ከቀጥቃጩ ፊት ጥቂት አቁሟቸው፤ እጁን ይመልከቱ።

እንዲህ ሆነው ያደጉ ልጆች ሁሉ ሠዓሊ ወይም መሐንዲስ ይሆናሉ አንልም። ጸሐፊ፥ ዳኛ፥ ሐኪም፥ ነጋዴ ቢሆኑም ግን ሥራቸውን ሲጀምሩ ከደጅ ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው የሚያስቡ እንዲሆኑ ምኞታችን ነው።